ወደ ውስጥ የምትባል እሺ

አገራችን ትምህርትን የምትለካው በመጨረሻ በሚገኘው መጠሪያ ነው። አንድ ልጅ ሕክምና ገባ ከተባለ ገና የመጀመሪያውን ፈተና ሳይቀመጥ ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል፤ ጨጓራውንና ወገቡን ይዞ በር የሚያንኳኳውም ብዙ ነው። ምህንድስና የገባ እንደሆነ ጣሪያው የሚያፈስ ሁሉ ዘመዱ ይሆናል። ሕግ ያጠናውን ደግሞ በአጥር የተጣላ ጎረቤት እሑድ እንኳ አያስተኛውም። መከራው ያለው መጠሪያ የማያስገኝ ነገር ያጠና ሰው ላይ ነው። «ልጅህ ምን እያጠናች ነው?» ይሏችኋል። «ቋንቋ» ትላላችሁ። «አሃ» ይሏችኋል። ይህችን «አሃ» የሰማ ያውቃታል። ለቅሶ ቤት ከምትባለው «እግዜር ያጽናችሁ» ጋር እኅትማማች ነች።

እኔና ይህች «አሃ» የቆየ ትውውቅ አለን። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። አማርኛ ለሚናገር ሕዝብ አማርኛ ማስተማር ምን እንደሚመስል የሚገባችሁ፣ ዓሣ ዋና አስተምራለሁ ብላችሁ ሥራ ጠይቃችሁ የምታውቁ ከሆነ ነው። ሠርግ ቤት ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ «ምን ታስተምራለህ?» ይለኛል። «አማርኛ» እለዋለሁ። «አሃ» ይልና ፊቱን ወደ ቁርጡ ይመልሳል።

እንግዲህ ልጄ ናርዶስ አንድ ቀን ከዩኒቨርሲቲ መጥታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «አባዬ፣ ጃፓንኛ ላጠና ነው» ስትለኝ፣ በዚያች «አሃ» ስቃጠል የኖርኩት እኔ ምን ያልኳት ይመስላችኋል?

«አሃ» አልኳት።

«ምነው?» አለች።

«ምን ልትሠሪበት?»

«ብዙ ይሠራበታል። አስተርጓሚነት አለ፣ ካምፓኒዎች አሉ፣ ቱሪዝም አለ። ማርኬት አለው አባዬ።»

«ኮተቤ ውስጥ ስንት ጃፓናዊ አይተሻል?»

«አንድም።»

«እኮ!»

«እኮ! እንግሊዝኛ የሚችለው ስንት ነው? ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር ከምጋፋ ማንም የማይችለውን ብማር አይሻልም?»

እዚህ ላይ ተረታሁ። እኔ «የሚናገረው የለም» ብዬ የተቃወምኩትን እሷ «የሚናገረው የለም» ብላ ደገፈችው። በአንድ ማስረጃ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ ሲሰጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እናቷ ግን አልተረታችም፤ «አረብኛ የተማረ ዱባይ ይሄዳል፣ ቻይንኛ የተማረ መንገድ ሥራ ይገባል፣ የጃፓንኛው የት ነው?» አለች። ጎረቤታችን ቶላ ደግሞ ነገሩን በአጥር በኩል ሰምቶ ኖሮ፣ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» ብሎ ዘጋው።

እኔን ቀስ በቀስ የገዛኝ የቋንቋው ጠባይ ነው። ናርዶስ ማታ ማታ ሳሎን ተቀምጣ ታነበንባለች፤ እኔ ጋዜጣ የማነብ መስዬ እሰማለሁ። አንድ ቀን «ግሱ የት ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅኳት። መምህር ጡረታ ቢወጣም ጥያቄው ጡረታ አይወጣም። «መጨረሻ ላይ ነዋ፣ እንደ እኛ!» አለችኝ። ይኼኔ ጋዜጣዬን አስቀመጥኩ። አስቡት እስቲ፤ እንግሊዙ ገና አፉን ሲከፍት መሄድ አለመሄዱን፣ መብላት አለመብላቱን ነግሯችሁ ያርፋል። እኛ ግን «እኔ ትናንት አክስቴ ከአዳማ ያመጣችውን ያንን ትልቁን ሐብሐብ…» እያልን ሄደን፣ ሄደን፣ በልተነው ይሁን ጥለነው የምንናገረው ሰሚው ከደከመ በኋላ ነው። ለካ እንዲህ የሚያደክም ሕዝብ ከባሕር ማዶም አለ። ቆይታ ደግሞ ለትልቅ ሰው ሲናገሩ ግሱን እንደሚቀይሩት ነገረችኝ፤ በ«አንተ» እና በ«እርስዎ» መካከል ተወልዳ ላደገች ልጅ ይሄ ምን ይከብዳታል? ፊደላቸው ብዙ ነው ብላ ልታማርር ስትሞክር ግን አልሰማኋትም። ሀሌታውን ሀ፣ ሐመሩን ሐ፣ ብዙኃኑን ኀ ለይታ ያደገች የአማርኛ መምህር ልጅ ፊደል በዛብኝ አትልም።

ስለዚህ ሳላስበው ወገንኩላት። ሰው «ምን ታጠናለች?» ሲለኝ «ጃፓንኛ!» ማለት ጀመርኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። «አሃ» ይሉኛል። ይበሉ።

ቶላን እዚህ ላይ በደንብ ላስተዋውቃችሁ። ዛሬ እኛ የምንኖርበትን ሰፈር ሲያርስ የኖረ ሰው ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ የቆመበትን ቦታ በጣቱ እያሳየ «እዚህ ጋ ጤፍ፣ እዚያ ጋ ሽንብራ» ይላል። መሬቱ ከሄደ በኋላ ጃፓን ሠራሽ የሆነች ያገለገለች ትንሽ መኪና ገዝቶ ሰው ማመላለስ ጀመረ። መኪናዋ ጠዋት ሞተሯ ሲነሣ አንዲት ቀጭን የሴት ድምፅ አውጥታ አንድ ነገር ትናገራለች። ቶላ ቆቡን አውልቆ «አሜን» ይላል። ከዚያ ነው ማርሽ የሚያስገባው። «በሬዎቼን በኦሮምኛ ነበር የማናግራቸው፣ ቀበሌን በአማርኛ፤ ይቺ ደግሞ በቋንቋዋ ትመርቀኛለች» እያለ ለተሳፋሪው ሁሉ ይናገር ነበር።

ናርዶስ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለች አንድ ጠዋት አሳፈራት። መኪናዋ ተናገረች፣ ቶላ ቆቡን አወለቀ፣ ልጄ ሳቋ አመለጣት።

«ምንድን ነው የሚያስቅሽ?»

«ጋሽ ቶላ፣ ይቺ እኮ ‹ካርድ አልገባም፣ እባክዎ ካርድ ያስገቡ› ነው የምትለው።»

«የምን ካርድ?»

«ጃፓን አገር የፈጣን መንገድ ማለፊያ ካርድ።»

«ያ ዋቃ! ስድስት ዓመት ሙሉ አሜን ያልኩት ለካርድ ነው?»

ሳምንት ሙሉ አኮረፋት። እውነት ሲነገረው የሚያመሰግን ሰው ብዙ አይደለም። በስምንተኛው ቀን ግን ቶላ አስቦበት መጣና «አሜንን ማን ጠላው? ካርድም ብትል አሜን እላታለሁ» አለኝ። ታረቁ። የልጄ ጃፓንኛ ለኮተቤ ሕዝብ የሰጠው የመጀመሪያ አገልግሎት እንግዲህ ይሄ ነበር፤ የአንድ ሰው ምርቃት መቀማት።

ተመረቀች። ፎቶውን ሰቀልን። ከዚያ ቤት ተቀመጠች። አንድ ወር፣ ሦስት ወር፣ ስምንት ወር። ማመልከቻ ያላስገባችበት ቦታ የለም፤ «እንደውልልሻለን» ያላላት ቦታም የለም። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ጮክ ብላ ታነብ ነበር፤ ኋላ በለሆሳስ፤ ኋላ ጭራሽ ተወችው። አንድ ቀን ያንን ጡብ የሚያህል መዝገበ ቃላቷን በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሣጥኑ ላይ ስታወጣው አየኋት። አጎቷ የኮስሞቲክስ ሱቅ አለው፤ ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እዚያ ልትገባ ነው። ለሱቁ ንቀት የለኝም፤ ግን አዘንኩ፣ አልዋሻችሁም። አራት ዓመት ሙሉ ግሱን መጨረሻ ድረስ ታግሣ የጠበቀች ልጅ፣ መጨረሻው ሻምፖ ሊሆን ነው።

ስልኩ የተደወለው በዚያው ሳምንት ነው። የጃፓን ድርጅት ነው፤ እዚሁ የካ ውስጥ ወጣቶች የመኪና ጥገና የሚማሩበት ጋራዥ ሊከፍት አስቧል። ሚስተር ኦካዳ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ለሦስት ቀን መጥተዋል፤ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ። ሦስቱ ቀን ፈተናም ነው። ከወደዷት ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች። ካልወደዷት ደግሞ ሻምፖው አለ።

በመጀመሪያው ቀን ስትመለስ ጉንጯ ቀልቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን ስትመለስ ግራ ተጋብታለች። «አባዬ፣ ነገ እንጦጦን ማየት እፈልጋለሁ አሉ። ከተቻለ አባትሽም አብረውን ይምጡ ነው የሚሉት።»

«እኔን ምን ያደርጉኛል?»

«እኔ እንጃ። ብቻ ከረባት አድርግ።»

ከረባት አደረግኩ። ቶላ መኪናዋን አጥቦ፣ ቆቡን ቀይሮ መጣ። ሚስተር ኦካዳ አጠር ያሉ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ሰው ሲጨብጡ ከወገባቸው እጥፍ የሚሉ ሰው ናቸው። እኛም አገር እጅ መንሣት አለ፤ እሳቸው እጥፍ ሲሉ እኔ እጥፍ፣ ቀና ስል እሳቸው ድጋሚ እጥፍ፣ ቶላ በመሐል ገብቶ በሩን ባይከፍትልን ኖሮ እስከ ምሳ ሰዓት ደጃፌ ላይ እጅ ስንነሣሣ እንውል ነበር። ከፊት ተቀመጡ። ሞተሩ ተነሣ። ሴትዮዋ ተናገረች። ሚስተር ኦካዳ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ከዚያ ወደ ሬዲዮው አካባቢ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር መለሱላት።

«ምን አላት? ምን አላት?» አለ ቶላ።

«ይቅርታ፣ ካርድ የለኝም አሏት» አለች ናርዶስ።

እንዲህ ሲሳቅ ነው ዳገቱን የወጣነው። እንጦጦ ራጉኤል ስንደርስ ሰውዬው ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን አወለቁ፤ አውልቀውም ዝም ብለው አልሄዱ፣ ሲወጡ እንዲመቻቸው አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙረው አስተካክለው አስቀመጡት። አይተው የእኔንም አዞሩልኝ። ቶላ በጆሮዬ «ይሄ ሰውዬ ክርስትና መነሣት ብቻ ነው የቀረው» አለኝ። ልጄ ደግሞ ታምራለች። እሳቸው ሲናገሩ ታዳምጣለች፣ ግሱ እስኪመጣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ለእኛ ታቀርብልናለች። ስትናገር አንዴም አልተደናቀፈችም። ሰው በልጁ መኩራት ኃጢአት ከሆነ፣ ያን ቀን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ኃጢአት ሠርቻለሁ።

ከራጉኤል ወደ ፓርኩ ተሻገርን። ከተማው ቁልቁል በሚታይበት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እኔና ሚስተር ኦካዳ ተቀመጥን፤ ናርዶስ ውሃ ልትገዛ ሄደች፣ ቶላ ተከተላት። ሰውዬው ይህችን ደቂቃ ሲጠብቋት ነበር መሰለኝ፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረው በእንግሊዝኛ ይናገሩ ጀመር።

እንግሊዝኛ አውቃለሁ፤ ማለቴ ተጽፎ ካገኘሁት። የእሳቸው እንግሊዝኛ ግን ጃፓንኛ ለብሶ ነው የመጣው። በዚያ ላይ የእንጦጦ ነፋስ ባሕር ዛፉን እያንኮሻኮሸ ግማሹን ይወስደዋል። «ጃፓን» የምትለዋን ሰማሁ፤ ስለ አገራቸው እያወሩኝ ነው አልኩ። ቀጥለው «ዋን ይር» አሉ፤ ደጋገሟት። አንድ ጆሮ! አንዱ ጆሯቸው አይሰማም ማለት ነው። አዘንኩላቸው። በወጉ ከሆነ «ይቅርታ፣ አልገባኝም» ማለት ነበረብኝ። ግን ከእንግዳ ፊት፣ ያውም ከረባት አድርጎ፣ ያውም መምህር ሆኖ፣ አልገባኝም ይባላል? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። እናም ሁላችንም የምናደርገውን አደረግኩ፤ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደረግኩላቸው።

ቆይ፣ ይህችን ነገር ላስታውሳችሁ። እኛ ሰው ሲያወራን ዝም ብለን አንሰማም። አፋችንን ከፈት አድርገን አየር ሳብ እናደርጋለን። ይህች ትንፋሽ «አዎ» ነች፣ «እሺ» ነች፣ «እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል» ነች። ፊደል የላትም። ያን ያህል ዘመን ሰዋስው ሳስተምር ስሟን አንሥቼ አላውቅም፤ እንዳለችም አስቤ አላውቅም። እናንተም ዛሬ ከቁርስ ወዲህ አሥር ጊዜ ሳትሏት አልቀራችሁም። የእኔዋ ደግሞ አንድ የተለየ ጠባይ አላት፤ የፊት ጥርሴ ከተነቀለ ወዲህ በክፍተቱ ስትገባ ታፏጫለች። ሰውዬው አንድ ጆሮ ብቻ ነው ያላቸው ብዬ ስላሰብኩ፣ እንዲሰሙኝ ረዘም አደረግኳት። «ስስስስ!» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። «ዋን ይር» አሉ በትሕትና፣ እንደ መለመን ብለው። «ስስስስስ!» አልኩ ከበፊቱ አስረዝሜ፣ አንገቴንም ዘንበል አድርጌ።

ሚስተር ኦካዳ አቀረቀሩ። ከዚያ ብድግ ብለው ከወገባቸው እጥፍ አሉና «ሶሪ» አሉኝ። ለምን ይቅርታ እንደሚጠይቁኝ አልገባኝም፤ ጆሯቸው ላይ ጮኬ ይሆናል ብዬ እኔም «ሶሪ» አልኳቸው።

ናርዶስና ቶላ ውሃ ይዘው ሲመለሱ ሰውዬው ተለውጠዋል። ትሕትናው እንዳለ ነው፤ ሳቁ ግን የለም። ወደ መኪናው ስንሄድ ናርዶስን ወደ ኋላ ጎተት አድርጌ «ጠይቂያቸው እንጂ! ዛሬ የመጨረሻ ቀን አይደል?» አልኳት።

«አባዬ፣ እንዲህ ፊት ለፊት አይጠየቅም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«ያልጠየቀችውስ ምን ለቀመች? ሻምፖ?»

እዚህ ላይ ጨካኝ ነበርኩ፣ አምናለሁ። ከንፈሯን ነከሰች። መኪናው አጠገብ ስንደርስ በጃፓንኛ፣ በዚያ በእርስዎ በተሞላው ጃፓንኛ፣ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው። ሚስተር ኦካዳ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፤ በጥርሳቸው መሐል ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳቡ። «ስስስስ…»

ቶላ የመኪናውን ጣሪያ በመዳፉ መታው። «እሺ አለ! ሰማችሁ? እንደኛ እሺ አለ!» ሲል አንገቴ ላይ ተጠመጠመብኝ። እኔም አልቆየሁም፤ ስልኬን አውጥቼ እናቷ ጋ ደወልኩ። «ተቀጠረች!» አልኳት። እልልታዋ ከስልኩ አልፎ ወጣ፤ በዚያ ሲያልፉ የነበሩ ሁለት ሯጮች እንኳ ቆም ብለው ሳቁልን። ልጄን ላቅፋት ዞር ስል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ደስታ ነው አልኩ።

«አባዬ ተው» አለችኝ። «ስልኩን ዝጋው።»

«ምን ሆንሽ?»

«አልተቀጠርኩም። ይቺ እኮ በእነሱ አገር እንቢ ማለት ናት። ‹አስቸጋሪ ነው› ማለት ነው፤ እንቢን በአፋቸው አይሏትም፣ እንዲህ ነው የሚስቧት። መምህራችን አንደኛ ዓመት ላይ የእኛን ትንፋሽ ከአፋችን ለማስጣል ስንት ጊዜ ለፍቷል!»

የቶላ እጅ ከትከሻዬ ላይ ወረደ። ስልኩ ውስጥ እናቷ አሁንም እልል ትላለች። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ወንበሩ፣ ነፋሱ፣ ያቀረቀሩት ሰውዬ።

«ናርዶስ» አልኳት፣ «እሳቸው ሲያወሩኝ እኔም ስቤላቸው ነበር።»

«ምን ብለውህ?»

«ስለ አገራቸው ነው። ደግሞ አንድ ጆሯቸው አይሰማም።»

«ማን አለህ?»

«ራሳቸው። ዋን ይር፣ ዋን ይር እያሉ።»

ልጄ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «አባዬ! ጆሮ አይደለም፤ ዓመት ነው! አንድ ዓመት ነው ያሉህ! የምን አንድ ዓመት? አንተስ እንዴት አድርገህ ነው የሳብከው?»

አሳየኋት። በጥርሴ ክፍተት፣ ከነማፏጨቷ፣ ከነአንገቴ ዘንበል። ሚስተር ኦካዳ ቆመው ያዩኝ ነበርና፣ ይህችን ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰሙ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔን ያመለጠኝ ትንፋሽ ነው። ልጄን ስምንት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ «እንደውልልሻለን» ሲላት፣ ቆርጦ «እንቢ» ያለላት አባቷ ነው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ናርዶስ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ ሰውዬው ዞረች። ምን እንዳለቻቸው ቃል በቃል አልገባኝም፤ ምን እያደረገች እንደሆነ ግን ገብቶኛል። እኔን ጠቆመች፣ ቶላን ጠቆመች፣ ከተማውን በሙሉ ጠቆመች፤ ከዚያ ራሷ ትንፋሿን ሳብ አደረገችና በአማርኛ «እሺ» አለች። ቶላ ለማስረጃ ያህል ሳብ አደረገ። አንድ የፓርኩን አትክልተኛ ጠርታ «ወንድሜ፣ ዛሬ ውሃ ታጠጣለህ?» ብላ ጠየቀችው፤ ምስኪኑ ምንም ሳያውቅ ሳብ አደረገላት። ሚስተር ኦካዳ አንዳችንን ከአንዳችን እያፈራረቁ አዩን። ከዚያ ሳቁ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ የመኪናውን በር ተደግፈው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሁለት ቀን ሙሉ ያገኟቸው ሹማምንትና ባለጋራዦች ሁሉ ምን ቢሏቸው ትንፋሻቸውን ይስቡባቸው እንደነበር፣ ናርዶስም ቃሉን እንጂ ትንፋሹን እንዳልተረጎመችላቸው፣ «ይህች አገር አልፈለገችንም» ብለው ማታውን ለአለቃቸው ሊጽፉ እንደነበር ያወቅነው ያኔ ነው። ትንፋሽ በመዝገበ ቃላት ውስጥ የለም። ያንን ጡብ የሚያህለውን ገልጬ አይቻለሁ፣ የለም። ለዚህ ነው ለካ አስተርጓሚ የሚቀጠረው።

ከሳቁ በኋላ ሰውዬው ፊታቸውን ጠረጉ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ ከፊቴ ቀጥ ብለው ቆሙ። «አሁን በደንብ እንደገና እጠይቃለሁ» አሉ በናርዶስ በኩል። ቀጥለው በጃፓንኛ ረዥም ዐረፍተ ነገር ተናገሩ። ናርዶስ ልትተረጉም አፏን ከፍታ ቆመች። ፊቷ ቀላ፣ ነጣ።

«‹ልጅዎን…›» አለች። ተርጓሚ ናትና እርስዎ አለችኝ፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። «‹ልጅዎን፣ የጋራዡን ቢሮ እንድትይዝልን፣ መጀመሪያ ሥራውን እንድትማር፣ ለአንድ ዓመት ወደ ጃፓን…›» ቆም ብላ ቃሉን ደገመችው። «‹…ወደ ጃፓን ልወስዳት እፈልጋለሁ። እሷን ሳልጠይቅ አባቷን መጠየቅ ይገባኛል ብዬ ነው። ይፈቅዱልኛል?›»

ቶላ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ሥራ እንድታገኝ ስምንት ወር ተስያለሁ፤ ሥራው እንዲህ ሩቅ ይሆናል ብዬ ግን አልተሳልኩም። አንድ ዓመት ሳሎኑ ባዶ ሊሆን ነው። ጋዜጣ የማነብ መስዬ የምሰማው ሰው የለም። ደግሞ አየኋት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተስፋ ሆና ቆማለች፣ አራት ዓመት የጠበቀችው ነገር እኔ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ።

«እሺ» ልል ነበር። ቃሉ አልወጣ አለ። አፌን ከፈትኩ፤ ትንፋሼ ብቻዋን ወደ ውስጥ ገባች፣ በጥርሴ ክፍተት፣ ረዝማ፣ እያፏጨች።

ሚስተር ኦካዳ እኔን አዩ፣ ልጄን አዩ።

«አባዬ» አለችኝ ናርዶስ ቀስ ብላ፣ «ይቺ የእኛዋ ናት ወይስ የእነሱ?»

«የእኛዋ ናት ልጄ» አልኳት፣ ድምፅ አውጥቼ። ወዲያው ዞር ብላ ተረጎመችላቸው። ግማሿ የእነሱ ነበረች፤ ያቺን ግማሽ ግን ልጄ ሰምታታለች፣ አልተረጎመቻትም።